ስልሳ ስልክ ባንድ አዳራሽ

ቢቸና፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። መምህሩ ከሃያ ዓመት በላይ ፊዚክስ አስተምረው አሁን የኮምፒውተር ክፍሉን የያዙ ሰው ናቸው። ባለሙያዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፤ ሞጣ ላይ የኔትወርክ ዝርጋታ ትሠራለች። ጠዋት በሚኒባስ ተሳፍራ በደብረ ወርቅ በኩል መጥታለች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፕሮፎርማ ተዘርግቷል።

መምህሩ፦ እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። መንገዱ አላደከመሽም?

ባለሙያዋ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ገባሁ ጋሼ። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ? በስልክ የነገሩኝን ሳስብ ነው ያደርኩት።

መምህሩ፦ ችግሩ ይኸውልሽ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር ልጆቻችን እንግዳ እንዳይሆኑበት ብለን ሞዴል ፈተናውን በታብሌትና በራሳቸው ስልክ ልናለማምዳቸው ተነሣን። በአንድ ዙር ስልሳ ተማሪ። አንዲት ራውተር ነበረችን። በዋዜማው ብቻዬን ስሞክራት ገጹ ዓይኔን ሳላርገበግብ ይከፈት ነበር። በማግስቱ ስልሳው ልጅ ገብቶ እኩል «ጀምር» ሲል ግን ለአንዱ ተከፈተለት፣ ሌላው ነጭ ገጽ ላይ አፈጠጠ፣ ሌላውን ደግሞ ከመሀል አስወጣው። ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ አልቅሳ ወጣች። እሷን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። አሁን ግዥ ክፍል አዲስ ዕቃ እንግዛ ብሎ ዋጋ ሰብስቧል። የትኛውን ልያዝ?

ባለሙያዋ፦ ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ። የሚያወዳድሩት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነትና ሲግናሉ የሚደርስበትን ርቀት ነው። ሁለቱም ለእርስዎ አዳራሽ መልስ አይሆኑም።

መምህሩ፦ እንዴት አይሆኑም? ይኸኛው 1200 ይላል፤ ያኛው 1800። ቁጥር ቁጥር ነው።

ባለሙያዋ፦ ኤሲ1200 ማለት እኮ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 867 ሜጋቢት ተደምሮ፣ ከዚያም ወደ ላይ ተጠጋግቶ ነው። አንድ ስልክ ከሁለቱ ባንዱ ነው የሚገናኘው። 300 የተባለውም የሚገኘው ሰፊ ቻናል ተከፍቶለት ባለ ሁለት አንቴና ስልክ ሲመጣ ነው። የልጆቹ ስልክ ባለ አንድ አንቴና ከሆነ በተለመደው የ20 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ ጣሪያው 72 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። እሱም መጠበቂያውና «ደርሶኛል» የሚባባሉበት ጊዜ ሲቀነስለት ግማሹ ከተረፈ ጥሩ ነው። አርባ ይበሉት።

መምህሩ፦ ቆይ ላስላው። የፈተናው ገጽ ከነሥዕሉ ሁለት ሜጋባይት ቢሆን፣ ለስልሳ ልጅ 120 ሜጋባይት። በስምንት ሲባዛ 960 ሜጋቢት። ለአርባ ስናካፍለው 24 ሰከንድ። ልጆቹ እኮ አሥር ደቂቃ ጠብቀው ነው ያልተከፈተላቸው!

ባለሙያዋ፦ ስሌቱ ልክ ነው፤ ሰልፉን ግን አላስገቡትም። እርስዎ ልጅ ሳሉ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት እንደነበሩ ክፍል ውስጥ ነግረውን ነበር። ተማሪው ቆጥሮ ያደረውን ቅኔ ለየኔታ የሚያሰማው እንዴት ነበር?

መምህሩ፦ ተራ ጠብቆ ነዋ። የኔታ የሚሰሙት የአንዱን ነው። ሁለት ሰው እኩል ከጀመረ ሁለቱም «ዝም በል» ይባላል።

ባለሙያዋ፦ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም እንደ ራውተሯ ስልኮቹ በአየር የሚገናኙት ዕቃ፣ የኔታ ማለት ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያለ ሁሉ ተራ በተራ ይናገራል፤ ራሱ አክሰስ ፖይንቱም ሲናገር አይሰማም፣ ሲሰማ አይናገርም። ግን በተለመደው ዋይፋይ ተራ አስከባሪ የለም። እያንዳንዱ ስልክ መጀመሪያ ጆሮውን ይጥላል። ሌላ ሲናገር ከሰማ ዝም ይላል። ጸጥ ሲል ለራሱ እጣ ያወጣል፤ የወጣለትን ያህል ቅጽበት ቆጥሮ ይናገራል። ለሁለት ስልክ አንድ ዓይነት እጣ ከወጣላቸው እኩል ይጮኻሉ፣ አንዳቸውም አይሰሙም፣ እንደገና እጣ ያወጣሉ። ሁለተኛው እጣ ከመጀመሪያው የሰፋ ነው፤ ስለዚህ ጥበቃውም ይረዝማል። አምስት ስልክ ሲሆን ግጭቱ አልፎ አልፎ ነው። ስልሳ ሲሆን ግን ጊዜው በግጭትና በድግግሞሽ ያልቃል።

መምህሩ፦ ይህንን እጣ ማን ፈጠረው?

ባለሙያዋ፦ ሥሩ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በደሴቶቹ መካከል ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ ያገናኙበት አሎሃኔት የሚባል መረብ ነበር። የዚያ ደንብ «በፈለግህ ጊዜ ተናገር፤ ካልተሰማህ ቆይተህ ድገም» ነው። ሲሰላ ከጠቅላላው ጊዜ ለቁም ነገር የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ዋይፋይ ከዚያ የተሻለው ከመናገሩ በፊት ስለሚያዳምጥ ነው። ማዳመጡ የማይሠራበት ቦታ ላይ ግን ወደዚያው ይመለሳል።

መምህሩ፦ የማይሠራው የት ነው?

ባለሙያዋ፦ እርስዎ አዳራሽ ውስጥ። በር አጠገብ የተቀመጠው ልጅና መድረኩ ሥር የተቀመጠው ልጅ ስልኮቻቸው እርስ በርስ አይደማመጡም፤ መሀል ያለው አክሰስ ፖይንት ግን ሁለቱንም ይሰማል። እያንዳንዳቸው «ጸጥ ብሏል» ብለው እኩል ይናገራሉ።

መምህሩ፦ መሀል ላይ ደግሞ ሃምሳ ሰው ተቀምጧል። ይኼን እንኳ እኔ ልንገርሽ። የሰው ገላ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝን ይመጠዋል፤ 5 ሲሆንማ ይብሳል። ላዩ ላይ ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮው ማዕበሉን መልሶ ወደ ታች ይጥለዋል። ለካ በዋዜማው በባዶ አዳራሽ የለካሁት ሌላ አዳራሽ ነው!

ባለሙያዋ፦ እሱን ነው ልነግርዎት የመጣሁት። አንድ ነገር ልጨምር። ቅኔው የጠፋበት ተማሪ የኔታ ፊት ቆሞ ሲያመነታ ምን ይሆናል?

መምህሩ፦ ጠዋቱ ያልቃላ። ከኋላው ያለው ጎበዝም አብሮት ይውላል።

ባለሙያዋ፦ ከአክሰስ ፖይንቱ የራቀ ወይም ያረጀ ስልክ እንደዚያ ነው። 1,500 ባይት በ54 ሜጋቢት ፍጥነት ለመላክ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ሩብ በታች ይበቃል። ያው 1,500 ባይት በ1 ሜጋቢት 12 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አንዱ ቀርፋፋ አንድ ጊዜ በሚናገርበት ጊዜ ፈጣኑ ሃምሳ ጊዜ ይናገር ነበር። እጣው ደግሞ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ቀርፋፋው ተራውን አያጣም፤ ፈጣኑ ነው ወደ ቀርፋፋው የሚወርደው። በመጨናነቅ ጊዜ የሚያልቀው ጊዜ ነው ጋሼ። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ጊዜ ያልቃል።

መምህሩ፦ እንግዲያውስ መፍትሔው ኃይለኛ ዕቃ ነው። ድምፁ ከፍ ያለ፣ አንቴናው የበዛ። ይኼ ሦስተኛው ፕሮፎርማ ስድስት አንቴና አለው።

ባለሙያዋ፦ ማዶ ለማዶ ሲጠራሩ አይተው የለ? ድምፀ ጎላው ከወዲህ «አቤት!» ሲል ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማል። ከወዲያ ያለችው ድምፀ ቀጭን ሴትዮ ስትመልስ ግን ነፋስ ይበላዋል። አክሰስ ፖይንቱ ጎላ ቢል የልጁ ስልክ አብሮ አይጎላም፤ ባትሪውና አንቴናው ትንሽ ነው። ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ምላሹ ግን አይመለስም። እኔ ይህንን የተማርኩት ተዋርጄ ነው።

መምህሩ፦ የት?

ባለሙያዋ፦ ሞጣ። ሰማንያ ያህል ሰው የሚቀመጥበት የስልጠና አዳራሽ ነበር። «ብዙ ዕቃ፣ ብዙ ፍጥነት» ብዬ አራት አክሰስ ፖይንት በአራቱ ማዕዘን ሰቀልኩ። ኃይላቸውን እስከ ጥግ ከፈትኩት። ሁሉም ከካርቶን እንደወጡ ቻናል 6 ላይ ነበሩ፤ አልነካሁትም። በእያንዳንዳቸው ላይ ደግሞ ለአሠልጣኝ፣ ለሠልጣኝና ለእንግዳ ብዬ ሦስት ሦስት ስም አወጣሁ። በባዶው አዳራሽ አሳምሮ ሠራ። ሰው ሲገባ ሞተ። አሠልጣኙ ማይክ ይዞ «ኔትወርኩ ምን ሆነ?» ይላል፤ ሰማንያ ሰው ዞሮ እኔን ያያል።

መምህሩ፦ አይ ልጄ! ታዲያ ምን አደረግሽ?

ባለሙያዋ፦ የማደርገው ሲጠፋኝ ከአራቱ ሁለቱን ከሶኬት ነቀልኳቸው። ተሻለው።

መምህሩ፦ ቀንሰሽ ተሻለው?

ባለሙያዋ፦ ቀንሼ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገባኝ። እያንዳንዱ የዋይፋይ ስም በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል «አለሁ» እያለ ይጣራል፤ ያውም ሁሉም እንዲሰማው በዝቅተኛው ፍጥነት፣ በ1 ሜጋቢት። አንዱ ጥሪ ሁለት ሚሊ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስዳል። አንድ ስም ብቻውን ከአየሩ ጊዜ ሁለት ተኩል በመቶ ያህል ይበላል ማለት ነው። አራት ሲባዛ በሦስት፣ አሥራ ሁለት ስም። አንድም ሰው ምንም ሳይከፍት ሠላሳ በመቶው አልቋል! አራቱ የኔታ አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው እየተጯጯሁ ተማሪው ማንን ይስማ? በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ አራተኛ ቦታ የለም። በ5 ጊጋኸርዝ ግን የማይነካኩ ቻናሎች ብዙ ናቸው።

ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የቻናል ማሳያው ላይ ባለ ቀለም ጉብታዎች ተደራርበው ይታያሉ፤ አብዛኞቹ ቻናል 6 ላይ ተከምረዋል። አንዱ የቤተ መጻሕፍቱ ነው፣ ሌሎቹ ከመንገዱ ማዶ ከሱቆቹና ከካፌው የሚመጡ ናቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ።

መምህሩ፦ ይኼ ሁሉ የኛን አየር ይጋራል?

ባለሙያዋ፦ ይጋራል። ይዩት፤ 11 ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው። ምንም ሳይገዙ ዛሬውኑ ራውተሯን ወደዚያ ቢያዛውሯት ትተነፍሳለች።

መምህሩ፦ አሁንኑ እናዛውራታለን። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በከሰዓቱ ፈረቃ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው። ልጆቹ ገና ሲገቡ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሲግናል ሙሉ ሆኖ «የአይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ብሎ ይቀራል። ለጠዋቱ ፈረቃ እንደዚያ አላለም።

ባለሙያዋ፦ ራውተሯ ስንት አድራሻ እንድታድል ተደርጋ ነው የተሞላችው?

መምህሩ፦ ከ100 እስከ 199። አልነካኋትም።

ባለሙያዋ፦ መቶ አድራሻ ነው። ለስንት ሰዓት ነው የምታከራየው?

መምህሩ፦ ለሃያ አራት... አሃ! የጠዋቶቹ ስልኩን ይዘው ቤታቸው ሄደዋል፤ አድራሻው ግን እስከ ነገ በስማቸው ተይዟል። ሁለት ዙር ጠዋት ከተፈተነ መቶው አልቋል። የከሰዓቶቹ በር ላይ ቀሩ።

ባለሙያዋ፦ ክራዩን አንድ ሰዓት ያድርጉት፤ አድራሻውንም ያስፉት። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አየሩ ሳይጨናነቅ መዝገቡ ሞልቶ ሰው «ዋይፋዩ ደካማ ነው» የሚልበት ቦታ ስንት እንደሆነ ብነግርዎ አያምኑኝም።

መምህሩ፦ እሺ፣ ወደ ግዥው እንመለስ። ይኼ 1800 ዋይፋይ 6 ነው ይላል። አዲሱ ይሻላል አይደል?

ባለሙያዋ፦ ለመጨናነቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እውነት ነው። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የጸደቀው። በዚህ አንዱን ተራ አክሰስ ፖይንቱ ራሱ ሸንሽኖ ለብዙ ስልክ እኩል ያድላል፤ የኔታ ተራ ማስከበር ጀመሩ ማለት ነው። ነገር ግን ስልኩም ያንን ቋንቋ ማወቅ አለበት። ከስልሳው ልጅ የስንቱ ስልክ ያውቃል?

መምህሩ፦ የትምህርት ቤቱን ታብሌት ተይው፤ ከልጆቹ ስልክ ብዙው 5 ጊጋኸርዝ እንኳ አያይም። አንቺም ስትመክሪ ይኼን ያዥ። «2.4ን ዝጉት፣ ሁሉም ወደ 5 ይሂድ» የሚል ምክር ለአዲስ አበባ ሆቴል ይሆናል። እዚህ ቢዘጋ የሚቀሩት የድኻ ልጆች ናቸው።

ባለሙያዋ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። እኔም ልዘጋው ነበር ያሰብኩት። እንግዲያስ እንክፈለው። ሁለት መካከለኛ አክሰስ ፖይንት፣ ሁለቱም 2.4 እና 5 ያላቸው። የትምህርት ቤቱ ታብሌቶች ሁሉ በ5 ላይ፣ በተለያየ ቻናል። 2.4 ላይ አንዱ ቻናል 1፣ አንዱ 11፤ ለእነዚያ ስልኮች ብቻ። ኃይላቸው ዝቅ ይበል። ከ12 ሜጋቢት በታች ያለው ፍጥነት ይዘጋ፤ ያኔ «አለሁ» የሚለው ጥሪም ያጥራል፣ ቀርፋፋውም የሰው ጊዜ አይበላም። ስም አንድ ብቻ።

መምህሩ፦ ኢንተርኔቱስ? መስመራችን 10 ሜጋቢት ነው። 960ን ለ10 ባካፍለው 96 ሰከንድ፤ እሱም ሰልፉ ሳይቆጠር።

ባለሙያዋ፦ ፈተናው ከኢንተርኔት አይምጣ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሙድል የሚባለው የፈተና ፕሮግራም ተጭኖ እዚሁ ጥግ ይቀመጥ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየነውን አይተናል። ቤት ውስጥ ያለ ነገር አይቋረጥም። መብራት ቢጠፋም ኃይሉን በኔትወርክ ኬብሉ የሚልክ ስዊች ገዝተው እሱንና ኮምፒውተሩን አንድ ዩፒኤስ ላይ ካሰሩ ፈተናው ወዲያው አይቆምም።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባ፣ ታስታውሺው እንደሆነ፣ አንድ አስተማሪ በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ ይናገር ነበር። አሥር ክፍል ቢያየው፣ ሺህ ክፍል ቢያየው ለሳተላይቱ ያው ነው። በስብከቱ ብዙ ተማርረናል፤ አያቆም፣ አይደግም፣ ልጁ ገባው አልገባው አይል። በመጨናነቅ ግን አይታማም። እኛ አሁን አንዱን ገጽ ስልሳ ጊዜ እየላክን ነው። ያውም ስልሳ ልጅ ባንድ ሰከንድ «ጀምር» እንዲል አዝዘን! ማን አስገደደን? ገጹ ከፈተናው ሩብ ሰዓት ቀድሞ፣ ረድፍ በረድፍ፣ አሥር አሥር ልጅ እያለ ይጫን። ሰዓቱ ሲደርስ የይለፍ ቃሉን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ በአየሩ የሚሄደው መልስ ብቻ ነው፤ «ሐ» የምትል አንዲት ፊደል።

ባለሙያዋ፦ ይኼ ከምንገዛው ዕቃ ሁሉ ይበልጣል። እኔ አንድም ጊዜ አላሰብኩትም።

መምህሩ፦ ሰልፍ ማሠለፍ ነው እኮ የዘመን ሥራዬ። እንግዲህ የሚቀረው የግዥ ሕጉ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። «ሁለት መካከለኛ» ብዬ ብጽፍ «አንዱ ባለ ስድስት አንቴና ይረክሳል» ይሉኛል።

ባለሙያዋ፦ ስለ አንቴና አይጻፉ። ስለ ሥራው ይጻፉ። «ስልሳ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ ሲሠራ» ይበሉ፤ «እስከ 256 ይይዛል» የሚለውን የካርቶን ቃል አይቀበሉ፤ መያዝና ማሠራት ይለያያል። ኃይሉ፣ ቻናሉና ዝቅተኛ ፍጥነቱ በእጅ የሚስተካከል ይሁን። ሁለቱም 5 ጊጋኸርዝ ይኑራቸው። ኃይል በኬብል ይቀበሉ። ይህንን ካሟሉት መካከል የረከሰው ያሸንፍ፤ ሕጉም አይጣስም።

መምህሩ፦ ዕቃው መጥቶ ሲፈተሽ ልኬቱስ? አማካዩን ጊዜ ነው የምንለካው?

ባለሙያዋ፦ አማካይ አይለኩ። አማካዩ ጥሩ ሆኖ ያቺ ልጅ ከኋላ ረድፍ ልታለቅስ ትችላለች። የመጨረሻው ተማሪ ገጽ በስንት ሰከንድ ተከፈተ? ስንት ልጅ ከመሀል ወጣ? እነዚህን ሁለቱን ይጻፉ። ልጆቹ ተቀምጠው፣ በሩ ተዘግቶ፣ በራሳቸው ስልክ።

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ከስፔሲፊኬሽኑ ግርጌ ቀስ እያሉ ጻፉ፤ ከጨረሱም በኋላ ጮክ ብለው አነበቡላት፦

«ዕቃው ተቀባይነት የሚያገኘው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስልሳ ተማሪዎች ተቀምጠው፣ ስልሳ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ፣ የሁሉም ገጽ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ሲከፈትና አንድም ተማሪ ከፈተናው ሳይወጣ ሲቀር ነው። ይህ ሳይፈጸም የዕቃ ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19) አይቆረጥም።»

ባለሙያዋ፦ የሙከራው ቀን ያቺን ልጅ ከኋላ ረድፍ ያስቀምጧት ጋሼ። የእሷ ገጽ ሲከፈት ይፈርሙ።